ጎኑን የማያይ ሾፌር

ጡረታ ከወጣሁም ወዲህ ባጃጅ ስሳፈር ሾፌሩን ዝም ብዬ አላምነውም። ከኋላ ወንበር ሆኜ እጄን ቀስ አድርጌ በጆሮው በኩል ወደ ፊት እሰዳለሁ። ዘወር ካለ ልቤ ያርፋል፤ ካላለ "ወራጅ አለ" ብዬ እወርዳለሁ። እዚህ አርባ ምንጭ ከሴቻ ሰፈር ሲቀላ እስክደርስ ባጃጅ ደጋግሜ የቀየርኩበት ቀን አለ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት "ደህና አያለሁ" የሚል ሰው ፊት ለፊት ተቀምጬ ነው፤ እንዲያ ያሉኝ ሁሉ ግን ደህና አያዩም ነበር።

የዓይን ነርስ ነበርኩ። መጀመሪያ የተመደብኩት ካምባ ነው። እዚያ ሥራዬ በአብዛኛው ትራኮማ ነበር። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየታጠፈ ዓይናቸውን የሚወጋቸው እናቶች በገበያ ቀን ይመጣሉ፤ የዓይን ቆባቸውን እናስተካክላለን፤ በነጠላቸው ሸፍነው ይሄዳሉ። ካምባ ላይ ማንም አይዋሸኝም ነበር። ያመመው ሰው አመመኝ ብሎ ነው የሚመጣው። ከዚያ ወደ ምዕራብ ዓባያ ተዛወርኩ። የዚያን ጊዜ አለቃዬ የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ቁልፍ አንገቱ ላይ አስሮ የሚውል ሰው ነበር። የዓይን ቅባት ስጠይቀው ወስጄ የምሸጠው እየመሰለው ከእግር እስከ ራሴ ያየኛል። ሰውን መጠርጠር ሀ ብዬ የተማርኩት ከእሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ስለ ደሞዙ ብዙ አልልም፤ የዚያ ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

አርባ ምንጭ የገባሁት ሚሊኒየሙ ከመከበሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። የሠራሁበትን የሕክምና ተቋም ስም አልጠራም፤ ዛሬ ያሉትም የሌሉትም ሰዎች ቅር እንዲላቸው አልፈልግም። የዓይን ክፍላችን አንድ ጠባብ ክፍልና አንድ ሰፊ መስኮት ነበረው። እዚያ ነው ጋሽ ደምሴን ያገኘሁት።

ጋሽ ደምሴ ከእኔ በብዙ ዓመት የሚበልጥ የዓይን ነርስ ነበር። ጠዋት እንደመጣ ነጭ ጋዋኑን ይለብስና መስኮቱ ጋ ይቆማል። ታካሚዎቹ ከግቢው በር እስከ እኛ ክፍል ሲመጡ ያያቸዋል። ማን ግንድ ተደግፎ ቆመ፣ ማን ደረጃውን በእግሩ ጫፍ ፈለገ፣ ማን ሰላም ያለውን ሰው በድምፁ ለየ፤ ይህን ሁሉ ሰውየው ክፍላችን ሳይደርስ ይጨርሳል። መጀመሪያ ሰሞን ሥራ የሚሸሽ መስሎኝ ታዝቤው ነበር።

"ምን ያያሉ እዚያ?" አልኩት አንድ ቀን።

"ካርድ ሳይወጣላቸው ነው የማያቸው" አለኝ። "ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሁሉም ለመመርመር ይዘጋጃል። የተዘጋጀ ሰው ደግሞ ያለውን አያሳይሽም።"

ሌላም ልማድ ነበረው። ዓይን ከመንካቱ በፊት እጁን ታጥቦ መዳፎቹን እያሻሸ ያሞቃል። ቀዝቃዛ እጅ የነካው ሰው ዓይኑን አጥብቆ ይጨፍናል፤ እንዲያ የተጨፈነ ዓይን ደግሞ ግፊቱን በትክክል አይሰጥም ይል ነበር። የተዘጋ ቆብ ላይ ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶቹን አሳርፎ በቀስታ ጫን ጫን ያደርጋል፤ ግፊቱ ከፍ ማለት አለማለቱን በጣቱ ይገምትና መሣሪያው ላይ ሲያየው ብዙ ጊዜ ትክክል ይሆናል። የጎን ምርመራንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ከታካሚው ጋር ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ትይዩ ዓይናቸውን ይከድናሉ፤ ከዚያ ጣቱን እያንቀሳቀሰ ከዳር ወደ መሐል ያመጣል። ጤነኛ ሰው ከሆነ መርማሪውም ተመርማሪውም ጣቱን እኩል ያዩታል። ታካሚው ከዘገየ ዓይኑ ከዳር በኩል መጥበብ ጀምሯል ማለት ነው።

መንጃ ፈቃድ የሚያሳድሱ ሾፌሮች የሕክምና ማስረጃ የሚያሠሩት እኛ ጋ ነበር። እነዚህ ታካሚ አይደሉም። አልታመሙም፤ ወረቀት ነው የፈለጉት። በእነሱ ቀን ክፍላችን ምርመራ ክፍል መሆኑ ቀርቶ ኬላ ይመስላል። ግድግዳው ላይ ሦስት ጣት ያለው ሹካ የሚመስል ምልክት የተሳለበት ሰሌዳ አለ፤ ተመርማሪው ጣቶቹ ወደየት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። ሾፌሮቹ ደጅ ተሰልፈው ቅደም ተከተሉን አብረው ይሸመድዱ ነበር። በመስኮቱ ይሰማኛል፤ "ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ፣ ላይ፣ ቀኝ።" እኔም ሰሌዳውን ገልብጬ እሰቅለዋለሁ። ገብተው የተሰቀለውን ሰሌዳ ሳይሆን በቃላቸው የያዙትን ይሉልኛል። በጣቶቹ መሐል አጮልቆ የሚያይ አለ፤ ደህናውን ዓይን ለሁለት ዙር የሚያስፈትን አለ፤ የጓደኛውን መነጽር ተውሶ ገብቶ ጭራሽ ግድግዳውን የሚስት አለ። ሁሉንም ያዝኳቸው። ሾፌሮቹ "ተጠራጣሪዋ ሲስተር" የሚል ስም አወጡልኝ። ስሙን አልጠላሁትም።

ጋሽ አይዛ የመጣው እንዲህ ባለው ዘመን ነው።

አይዛ የዶርዜ ሰው ነው። የከድርን አይሱዙ ነበር የሚነዳው። ከድር ሲቀላ ትልቅ መጋዘን ያለው የስልጤ ነጋዴ ነው፤ ከዚህ ሙዝ ይጭናል፣ ከላይ ሸቀጥ ያስመጣል። አይዛ ለብዙ ዓመታት የእሱ ሾፌር ስለነበር መኪናውን ሰው "የአይዛ መኪና" ነበር የሚለው።

ያን ቀን ጠዋት ክፍሉን ስከፍት መጀመሪያ ያገኘሁት ከድርን ነው። ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

"ሲስተር፣ ዛሬ ሾፌሬ አይዛ ይመጣል" አለኝ። "እባክዎ ዓይኑን ደህና አድርገው ይዩልኝ። ላንቴ መንደር ጋ የአህያ ጋሪ ነካ። አላየሁትም ነው የሚለው። ጋሪው ግን አጠገቡ ነበር፤ እኔ እንኳ ከጎኑ ተቀምጬ አይቼዋለሁ።"

"ምርመራው ለሁሉም እኩል ነው" ብዬ አሳጠርኩት።

ነገሩ አልጣመኝም። አሠሪ ስለ ሾፌሩ ዓይን በጠዋት መጥቶ ሲያሳስብ ሰምቼ አላውቅም። በሆዴ፣ ይሄ ሰው ሾፌሩን ለማባረር ሰበብ ፈልጓል፤ መኪናውን ለዘመዱ ሊሰጥ ይሆናል፤ የሚያባርርበትን ወረቀት እኔ እንድጽፍለት ነው የመጣው አልኩ። ከድር ሲወጣ አይዛ ሲገባ በር ላይ ተገናኙ። ሰላም ተባባሉ፤ ግን አይዛ ዞር ብሎ ሲያየው አየሁ።

አይዛ ገብቶ ተቀመጠና ሳልጠይቀው የመጣበትን ነገረኝ። ምዕራብ ዓባያ ላይ ሙዝ ጭኖ ሲሄድ ትራፊክ አስቁሞታል። ትራፊኩ መንጃ ፈቃዱን አገላብጦ አይቶ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል" ይለዋል።

"ነገር ፈልጎኝ ነው ብዬ ከእጁ ተቀበልኩት" አለኝ አይዛ። "ሳየው እውነቱን ነው። እኔ ራሴ አላወቅሁም። በኪሴ ይዤው እዞራለሁ እንጂ መቼ አየዋለሁ? መኪናው እዚያው ቆመ። ሙዙ ፀሐይ ላይ ዋለ። ከድር ሌላ ሾፌር ልኮ አስነሳው። አሁን ቶሎ በይልኝ፣ ሲስተር።"

ሰሌዳውን ገለበጥኩት። እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ አንድም ሳይስት አሳየኝ። አዞርኩት፤ አሁንም አልሳተም። በአንድ ዓይን፣ በሌላው ዓይን፣ በሁለቱም። የመጨረሻውን ረድፍ እኔ ራሴ ከዚያ ርቀት ላነበው አልችልም ነበር። ከድርን የጠረጠርኩት ትክክል ነው አልኩ። ልፈርምለት ወረቀቱን አነሳሁና እሱም እንዲፈርም እስክሪብቶውን በጎኑ በኩል ዘረጋሁለት።

አልተቀበለኝም። ፊት ለፊቱን እያየ ዝም ብሎ ተቀምጧል። "ጋሽ አይዛ" ስለው ነው አንገቱን ሙሉ በሙሉ አዙሮ እጄን ያየው።

ጋሽ ደምሴ መስኮቱ ጋ ነበር። አላናገረኝም፤ ወንበሬን ብቻ በእግሩ ወደ አይዛ ገፋ አደረገልኝ። ጉልበቴን ከጉልበቱ ገጥሜ ተቀመጥኩ።

"አፍንጫዬን እይ፤ ሌላ የትም አትይ። ጣቴ ሲንቀሳቀስ ስታይ 'አየሁ' በለኝ" አልኩት።

"እሺ።"

ግራ ዓይኑን በመዳፉ ከደነ፤ እኔም ትይዩውን ቀኝ ዓይኔን ከደንኩ። ጣቴን ከዳር አውጥቼ እያወዛወዝኩ ወደ መሐል አመጣሁት። እኔ ካየሁት ቆየሁ። እሱ ዝም። ጣቴ በሁለታችን መሐል እየገባ ነው። አሁንም ዝም።

"ምነው፣ አትጀምሪም?" አለኝ።

በሌላውም ዓይኑ ያው ነበር። አይዛ ዓለምን የሚያየው በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ነበር፤ በቧንቧው ጫፍ ያለውን ከማንም አጥርቶ ያያል፤ ከቧንቧው ውጭ ያለው ለእሱ የለም። ጋሽ ደምሴ መዳፉን አሙቆ ቆቡን ነካው፤ ከዚያም የማደንዘዣ ጠብታ አድርጎ በመሣሪያው ለካው። ግላኮማ ነው፤ የዓይኑ ግፊት ከፍ ብሎ ከውስጥ ነርቩን ሲበላው ኖሯል። ይህ በሽታ አያምም፤ አይቀላም፤ ከጎን እየበላ ይመጣና መሐሉ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ሰው የሚያውቀው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል።

ይህን በሥርዓቱ ልነግረው ይገባ ነበር። ያልኩት ግን ሌላ ነው።

"ጋሽ አይዛ፣ መንዳት አትችልም" አልኩት። "ሕፃን በጎንህ ቢገባብህ አታየውም። የላንቴውን ጋሪ አላየህም አይደል?"

ፊቱ ተለወጠ። "የጋሪውን ነገር ማን ነገረሽ?"

ዓይኔ ከድር ወደወጣበት በር ሄደ። ያ መልስ ሆነበት።

አይዛ ሲናደድ አማርኛው ላይ ሴትና ወንድ ይቀላቀልበታል። "አንተ ከከድር ጋር ነህ" አለኝ ተነሥቶ። "ሰሌዳህን አላነበብኩም? አንዲት ስቻለሁ? ጣት ደብቀህ 'አላየህም' ትላለህ? ሰው በጆሮው ነው እንዴ የሚያየው?"

"ሰው ትገድላለህ" አልኩት። እኔም ተነሥቻለሁ። "አልፈርምም።"

ጋሽ ደምሴ የጠብታውን ማዘዣ ጽፎ በእጁ አስያዘው። አይዛ በር ላይ ሲደርስ ቀዶ ጣለው።

ዳይሬክተራችን ወጣት ሐኪም ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም። አይዛ ሄዶ ስለከሰሰኝ አስጠራኝ። "ፎርሙ የሚጠይቀው ምን ያህል ያነባል የሚለውን ነው፤ ያነባል። ጎኑን ማን ጠየቀን?" አለኝ።

ጋሽ ደምሴ ተከትሎኝ ገብቶ ነበር። "እንዳላየን ሆነን አንፈርምም፣ ዶክተር" አለና ወጣ። ማንም አልፈረመም።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ እጁን እየታጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ "ጎበዝ፣ ያዝሽው" አለኝ። "ግን እንደ ሌባ ነው የያዝሽው። ሊገጫቸው ስለሚችላቸው ሰዎች ሁሉ ነገርሽው። ሰውየው ራሱ ሊታወር መሆኑን ነገርሽው እንዴ?"

አልነገርኩትም ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ ከድር መጋዘን ሄድኩ፤ አይዛ የለም። ዘመዶቹን አስጠየቅሁ፤ ከእኔ ጋር መነጋገር እንደማይፈልግ ላኩብኝ። ማዘዣውን እንደገና ጽፈን በሰው ሰደድንለት፤ መልሶ ሰደደልን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መንጃ ፈቃዱን ሌላ ከተማ ሄዶ አሳድሶ መጣ የሚል ወሬ ሰማሁ። እንዴት እንዳሳደሰ አላውቅም። ምናልባት የመረመረው ሰው ፎርሙ የጠየቀውን ብቻ ጠይቆት ይሆናል፤ ያነበበውን ጽፎለት ከሆነ አልዋሸም። ከድር ግን ቁልፉን አልሰጠውም አሉ። አይዛ የሌላ ሰው መኪና ይዞ በካምባ መንገድ መሥራት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ የነበረኝን ጭንቀት ለመንገር ይቸግረኛል። የመኪና አደጋ ተጎጂ መጣ በተባለ ቁጥር ድንገተኛ ክፍል እሮጥ ነበር፤ ተጎጂውን ሳይሆን ሾፌሩን ነበር የምጠይቀው። "ማነው የነዳው?" እላለሁ። ሰዎቹ ዘመድ የጠፋብኝ ይመስላቸዋል። መንገድ ላይ አይሱዙ ሲመጣ ቆሜ የሾፌሩን ፊት አያለሁ። አይዛ አንድ ሁለቴ ፊት ለፊቴ መጥቶ አይቶኛል፤ አይቶ እንዳላየ አለፈኝ። በጎኑ ሆኜ ያለፈኝ ጊዜ ግን በእርግጥ አላየኝም።

የዚህን ነገር መጨረሻ የሰማሁት ዓመታት አልፈው ከድር ራሱ ዓይኑን ሞራ ይዞት ሲመጣ ነው። ጋሽ ደምሴ ጡረታ ወጥቶ ክፍሉን እኔ ይዤዋለሁ። ከድር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የአይዛን ነገር ሳልጠይቀው አነሣው።

"ቆመ" አለኝ። "ወደ ዶርዜ ሲወጣ ኩርባ ላይ አውቶቡስ በጎኑ አልፎት ኖሯል። ረዳቱ ሲጮህ ነው ያወቀው። ያን ትልቅ አውቶቡስ አላየውም። መኪናውን ዳር አስይዞ ቁልፉን ለረዳቱ ሰጠና በእግሩ ወደ ቤቱ ወጣ። ከዚያ ወዲያ መሪ አልያዘም።"

"አሁንስ?"

"አሁን ሰው ይመራዋል። መጋዘን ጠባቂ ሁንልኝ፣ ዝም ብለህ አጠገቤ ተቀመጥልኝ ብዬው ነበር፤ እምቢ አለኝ። እኔንም እርስዎንም አንድ ላይ ነው የተቀየመን።"

"መኪናውንስ ለማን ሰጡት?" አልኩ። ያን የቆየ ጥርጣሬዬን አሁንም አልተውኩትም ነበር።

"ለማን እሰጠዋለሁ? ሸጥኩት" አለኝ። "ሲስተር፣ እኔ እኮ ጠዋት የመጣሁት እንዲያክሙት ነበር።"

የዚያን ቀን ሥራ መጨረስ አቃተኝ። ለአይዛ ሰው ላክሁ፤ ቢያንስ ቀሪው ብርሃን ካለ እንይልህ ብዬ። ምንም እንዳልቀረ ተነገረኝ።

ምርመራዬን የለወጥኩት ከአይዛ በኋላ ነው። መጠርጠሩን አልተውኩም፤ ሰሌዳውን እስከ መጨረሻው ቀኔ ስገለብጥ ኖሬያለሁ። ነገር ግን የጎኑ ምርመራ ላይ የዘገየ ሰው ሲገጥመኝ አፌን አልከፍትም። አብሮት የመጣውን ሰው በእሱ ቦታ አስቀምጬ በፊቱ እመረምረዋለሁ። ጓደኛው ወይም ሚስቱ "አየሁ፣ አየሁ" ሲሉ ራሱ ያያል። ከዚያ እንደገና እሱን። ብዙዎቹ በዚህ ጊዜ "ታዲያ ምን ይሻለኛል?" ይላሉ። ስለ መኪናው የማወራው ስለ ዓይናቸው ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ ነው። ጠብታቸውን ይዘው የሄዱት ብዙ ናቸው።

ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በሾፌሮች ቀን፣ አንዲት ወጣት ሴት አንድ ሽማግሌ በክንዷ ይዛ ገባች። ሰውየውን ያወቅሁት ከተቀመጠ በኋላ ነው። አይዛ ከስቷል። ሹራቡ ንጹሕ ነው፤ ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

"ሲስተር ነሽ?" አለኝ።

"ነኝ፣ ጋሽ አይዛ።"

"ልጄ ናት፤ መሠረት ትባላለች። ካምባ ወረዳ የግብርና ባለሙያ ናት፤ በሞተር ሳይክል ነው የምትሠራው። መንጃ ፈቃዷ ሊያልፍባት ነው። ሌላ ቦታ ላሠራው ብላኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ።"

መሠረት አፈረች። "ዓይኔ ምንም አልሆነ፤ አባቴ ነው" አለችኝ።

ይህ በሽታ በዘር እንደሚሄድ ማን እንደነገረው አልጠየቅሁትም። ሰሌዳውን አዞርኩላት፤ ሁሉንም አነበበች። እጄን ታጠብኩ፤ ጉልበቴን ከጉልበቷ ገጥሜ ተቀመጥኩ። አይዛ ወንበሩን ወደ እኛ አስጠጋ።

"ከዚህ አልወጣም፤ አዳምጣለሁ" አለ።

በቀኝ ዓይኗ ጀመርኩ። ጣቴን ከዳር ሳመጣ "አየሁ" ትላለች፤ ከላይ "አየሁ"፤ ከታች "አየሁ"። የአይዛ ራስ በእያንዳንዱ መልስ ነቅነቅ ይላል። ወደ ግራው ዓይኗ ዞርኩ። "አየሁ። አየሁ።" ከዚያ በአፍንጫዋ በኩል ከላይ ጣቴን አመጣሁ። እኔ አየሁት። መሠረት ዝም ብላ አፍንጫዬን ታያለች።

አይዛ መቀመጫው ላይ ቀና አለ። "አሁን ጣትሽ እየተንቀሳቀሰ ነው?" አለኝ።

"እየተንቀሳቀሰ ነው።"

"መሠረት፣ አላየሽም?"

"ምኑን?" አለች ልጅቷ።

ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እኔ ግፊቷን ለካሁ። ከፍ ብሏል፤ ግን ገና ጅምሩ ነው። ጠብታውን ሳታቋርጥ ካደረገች ዓይኗ እንደሚቆይላት፣ አሁን መንዳት እንደምትችል፣ በየጊዜው ግን መታየት እንዳለባት አንድ በአንድ ነገርኳት። ስለ ዓይኗ ከጨረስኩ በኋላ ማስረጃዋን ፈረምኩላት። አይዛ ማዘዣውን ከእጇ ተቀብሎ በጥንቃቄ አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተው።

ሊወጡ ሲነሡ እኔም ተነሥቼ እጁን ያዝኩት። ስለዚያ ቀን አንድ ነገር ልለው ፈልጌ ነበር። እሱ ቀደመኝ።

"ያኔ ከከድር ጋር አልተመካከርሽም ብዬ ዛሬም አላምንም" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ልጄን ግን ካንቺ በቀር ሌላ ሰው እንዳያይብኝ።"